እንግዳ በኒው ዮርክ የት ይብላ?

በቀድሞ ዘመን መንገደኛ ከቤቱ ሲነሣ ስንቁን ቋጥሮ ነበር የሚነሣው። በሶው በስልቻ፣ ዳቦ ቆሎው በከረጢት፣ ድርቆሹም በአገልግል ተይዞለት፣ ሲርበው ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ ያለውን ይቀምሳል፤ «ዛሬ የት ልብላ?» የሚል ጭንቀት አያውቀውም። የዛሬው መንገደኛ ጭንቀት ግን የተገላቢጦሽ ሆኗል። በአውሮፕላን ተሳፍሮ ከአንድ ታላቅ ከተማ ሲደርስ የሚያስቸግረው የምግብ ማጣት መሆኑ ቀርቶ የምግብ ቤት መብዛት ነው።

ለዚህ ነገር የኒው ዮርክን ከተማ ያህል ምሳሌ የሚሆን አይገኝም። በዚህች ከተማ ያሉት ምግብ ቤቶች ቍጥራቸው ከ20,000 በላይ ነው። አንድ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ በልዩ ልዩ ቤት እየተመገበ ሁሉን ልዳረስ ብሎ ቢነሣ ከ18 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንግዳው ግን በእጁ ያለችው ሦስት ወይም አራት ቀን ናት። ከሁሉ የሚበልጠውን ቤት ፈልጎ ማግኘት ለማንም የማይቻል ስለሆነ፣ መንገደኛ ሊያስብበት የሚገባው ጕዳይ ያችን ጥቂት ቀን፣ የያዘውን ገንዘብና አብሮት የሚቀመጠውን ሰው አገናዝቦ የሚስማማውን ገበታ መምረጥ ነው።

የባከነች ጧት

ይህን ለመጻፍ ያበቃኝ የራሴ ስሕተት ነው። በ2018 በሚያዝያ ወር፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ለሥራ ጕዳይ ወደ ኒው ዮርክ ሄጄ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ሰዓቱ ግን በአገራችን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።) ሥራው ዓርብ በቀትር ሲያልቅ ሁለት ቀን ያህል ተረፈኝ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አክስቴ መምጣቴን ሰምተው፣ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ተጕዘው ሊያዩኝ መጡ። በልጅነቴ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው። ከተለያየን 14 ዓመት ሆኖን ነበር።

ቅዳሜ ጧት ላከብራቸው አስቤ ስሙ በየመጽሔቱ ወደሚነሣ አንድ ቤት ወሰድኋቸው። ቦታ አስቀድሜ አላስያዝሁም። ከበሩ ስንደርስ ሰልፉ የመንገዱን ማዕዘን ዞሮ ሄዷል። «አርባ ደቂቃ ብቻ ነው» ተባልን፤ አርባው ደቂቃ ግን አንድ ሰዓት ከአርባ ሆነ። አክስቴ ጕልበታቸውን ያማቸዋል። ነፋሱ ነጠላቸውን እየገለበው፣ አንዴ በአንዱ እግራቸው አንዴ በሌላው እየተደገፉ፣ «ግድ የለም ልጄ፣ አንተ ደስ ካለህ» ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻ ገብተን ስንቀመጥ ሙዚቃው እንደ ሠርግ ቤት ይጮሃል፤ ጠረጴዛው ከጎረቤት ጠረጴዛ ጋር ተጣብቋል። የ14 ዓመት ወሬ ተጠራቅሞ ሳለ «ምን አልክ?» «ምን አሉኝ እትዬ?» ከመባባል በቀር ምንም ሳንጫወት ቀረን። እኔም የምግቡን ዝርዝር በሚገባ ሳላነብ፣ ዝናውን ብቻ ሰምቼ፣ «ዕንቍላል ቤኔዲክት» የሚባለውን አዘዝሁላቸው። ምግቡ ሲመጣ ከዕንቍላሉ ሥር የአሳማ ሥጋ ተነጥፎ ተገኘ። አክስቴ ምንም ሳይናገሩ ሳህኑን በቀስታ ወደ ዳር ገፋ አድርገው፣ በቅርጫት ከቀረበው ዳቦ ቈርሰው ቀመሱ። ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ያነበብሁትና የተጠየቅሁት ገንዘብ አልገናኝ አለኝ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፣ ከሁለቱ ቀናችን ሦስቱ መልካም ሰዓቶች በዚህ ዓይነት አለፉ።

ብራንች የሚባለው ገበታ

ያ ጧት የጠፋበት ገበታ አሜሪካኖች «ብራንች» ይሉታል። ስሙ «ብሬክፋስት» እና «ላንች» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ማለት ከቍርስና ከምሳ፣ ተቀላቅሎ የተሠራ ነው። ቃሉን በጽሑፍ አውጥቶ ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በ1895 «ሀንተርስ ዊክሊ» በተባለ ጋዜጣ ላይ ስለዚሁ ገበታ የሚከራከር ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። ክርክሩም እሑድ በማለዳ መነሣትና ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከባድ ሥጋ መብላት ቀርቶ፣ ረፈድ ብሎ በቀላል ምግብ ተጀምሮ ጨዋታን እያስከተለ የሚሄድ አንድ ገበታ ይኑር የሚል ነበር። ቅዳሜን ሲያመሽ ያደረ ሰው እፎይ እንዲልም አስቦለታል።

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም። እሑድ ሳይቀምስ አስቀድሶ፣ ከቅዳሴ መልስ ቤተ ሰቡን ሰብስቦ የሚፈስክ ሰው፣ ስሙን አይጥራው እንጂ ብራንችን ሲበላ ኖሯል። የገበታው ቁም ነገር ያው አንድ ነው፤ የሳምንቱ ሥራ ሲቆም ሰው ከሰው ጋር ሳይቸኩል ይቀመጣል።

አክስቴ የገፉት ዕንቍላል ቤኔዲክትም የኒው ዮርክ ልጅ ነው። በተጠበሰ ክብ ዳቦ ላይ የአሳማ ሥጋ ይነጠፋል፤ ያለ ቅርፊቱ በውሃ የበሰለ ዕንቍላል ይቀመጥበታል፤ ከላይም በቅቤና በዕንቍላል አስኳል የተሠራ ስልስ ይፈስበታል። ስለ አመጣጡ ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው ዴልሞኒኮ በተባለው ጥንታዊ ምግብ ቤት ተጀመረ ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ በ1894 ሌሙኤል ቤኔዲክት የተባለ ሰው ያደረበትን ስካር ሊያበርድ ከዋልዶርፍ ሆቴል ገብቶ አዘዘው ይላል።

ብራንች ከመጠጥ ጋርም የተያያዘ ነገር ነው። ቀድሞ በኒው ዮርክ ግዛት ሕግ መሠረት ምግብ ቤቶች እሑድ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት መጠጥ መቅዳት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ በ2016 ሕጉ ተሻሽሎ ከጧቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ተፈቀደ። አንዳንድ ቤት በአንድ ዋጋ ደጋግሞ እየቀዳ ያስተናግዳል። በእንዲህ ያለው ቤት ጫጫታ እንደማይጠፋ የታወቀ ስለሆነ፣ ሽማግሌ ወይም ሕፃን የያዘ ሰው ከመግባቱ በፊት ቢያስብበት ይሻላል።

ገበታን መቍጠር

አስተዋይ መንገደኛ ገንዘቡን እንደሚቈጥር ገበታውንም ይቈጥራል። ሦስት ቀን ማለት ዘጠኝ ገበታ ነው። ከዘጠኙ አንዱ በአውሮፕላን ጣቢያ፣ አንዱ በድካም፣ አንዱ በሥራ መካከል መጥፋቱ ስለማይቀር፣ በእርግጥ የሚመረጡት አምስት ወይም ስድስት ናቸው።

ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሰዓቱን ልዩነት ማሰብ አለበት። ልዩነቱ እንደ ወራቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ነው። በኒው ዮርክ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የእንግዳው ሆድና ዓይን ያሉት ከአዲስ አበባ ሌሊት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ውድ እራት ማዘዝ ገንዘብን በእንቅልፍ ማባከን ነው፤ ባረፈበት አጠገብ ሾርባ ጠጥቶ መተኛት ይበቃዋል። በአንጻሩ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ዓይኑ መፍጠጡ አይቀርም። ይህ ችግር የሚመስለው ነገር ለጧት ገበታ ትልቅ ጥቅም አለው። የከተማው ሰው እሑድ ተኝቶ ሲያረፍድ፣ ብራንች የሚጧጧፈው ከ5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ እንግዳው ግን ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ በሩ እንደ ተከፈተ፣ ያለ ሰልፍ ገብቶ የወደደውን ወንበር ሊመርጥ ይችላል። ብዙ ሆነው የሚሄዱም ሁሉም በአንድነት ቢደርሱ መልካም ነው፤ አንድ ሰው ከጎደለ አናስቀምጥም የሚሉ ቤቶች ብዙ ናቸውና።

ከእነዚህ ገበታዎች ውስጥ አንዱን ብቻ ከበድ ላለ ወጪ መመደብ፣ የቀሩትን ደግሞ በመጠነኛ ዋጋ ማድረግ ይገባል። በታወቀ ቤት ለመብላት የሚመኝም ከእራት ይልቅ ምሳን ቢመርጥ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንስለታል። በ1992 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ በከተማው በተደረገ ጊዜ ታላላቆቹ ምግብ ቤቶች ተስማምተው ምሳን በ19 ዶላር ከ92 ሳንቲም ሸጠው ነበር። ያ «የምግብ ቤቶች ሳምንት» ተብሎ ልማድ ሆኖ ስለ ቀረ፣ ዛሬም በክረምትና በበጋ በተወሰነ ዋጋ የሚያስተናግዱ ቤቶች ይገኛሉ።

ቤትን ሳይሆን ሰፈርን መምረጥ

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። ኒው ዮርክ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሕዝቦች ከተማ ስለሆነች፣ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ የረፋድ ገበታ አለው። እንግዳው አንዱን ቤት ፍለጋ ከተማውን ከሚያቋርጥ ይልቅ፣ ለአንድ ጧት አንድ ሰፈር ቢመርጥና በእግሩ ቢዘዋወር፣ የመጀመሪያው ቤት ቢሞላበት ሁለተኛው በቅርብ ይገኝለታል።

ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ አይሁድ የሰፈሩበት በማንሃታን ደቡብ «ሎወር ኢስት ሳይድ» የሚባለው ሰፈር ነው። በዚያ በሂውስተን መንገድ ላይ ራስ ኤንድ ዶተርስ የተባለው መደብር አለ። ጆኤል ራስ በ1914 ንግዱን ጀምሮ፣ በ1935 ሦስት ሴቶች ልጆቹን የንግዱ ባለ ድርሻ አደረጋቸውና ስሙን «ራስና ሴቶች ልጆቹ» አሰኘው። የሚሸጠውም በጢስ የታጠነ የሳልሞን ዓሣና ቤግል ነው። ቤግል ማለት ቀለበት የመሰለ ዳቦ ሲሆን፣ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት በፈላ ውሃ ስለሚቀቀል ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ የሚያኝኩት ይሆናል። ከዚያው መንገድ ዝቅ ብሎ ከ1888 ጀምሮ የቆየው ካትዝ ይገኛል፤ በጨውና በቅመም ታሽቶ፣ በጢስ ታጥኖ፣ በእንፋሎት የበሰለ የበሬ ሥጋ በእጅ እየተቈረጠ ይቀርባል። በካትዝ በር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ቲኬት ይሰጣል፤ የበላው ሁሉ በቲኬቱ ላይ ይጻፋል፤ ሲወጣም በዚያው ሒሳብ ይከፈላል። ቲኬቱን የጣለ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ስለሚጠየቅ እንደ ፓስፖርቱ ይጠብቀው።

ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የቻይናዎች ሰፈር አለ። በዶየርስ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ኖም ዋ የተባለው ሻይ ቤት በ1920 ተከፈተ። ዲም ሰም የሚባለው ምግብ በትናንሽ ሳህንና በእንፋሎት ማብሰያ ቅርጫት የሚቀርብ፣ ከሻይ ጋር እየተቃመሰ የሚበላ ነው። ሁሉም ከመካከል እያነሣ ስለሚበላ፣ በአንድ መሶብ ዙሪያ ላደገ ሰው የሚመች ገበታ ነው። ብዙው ቅርጫት አሳማ ስላለበት ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ሰሜን በ2 ወይም በ3 ቍጥር ባቡር እስከ 125ኛ መንገድ የሄደ ሰው ሃርለም ይደርሳል። ከደቡብ ግዛቶች ፈልሰው የመጡ ጥቍር አሜሪካውያን የአገራቸውን ምግብ ይዘውት የመጡ በዚህ ነው። በ1938 በዚሁ ሰፈር የተከፈተው ዌልስ የተባለ ቤት፣ ሌሊቱን ሲጫወቱ ላደሩ ሙዚቀኞች ለእራት የዘገየ ለቍርስም የቀደመ እንዲሆን የተጠበሰ ዶሮ ከዋፍል ጋር በማቅረብ ዝና አትርፎ ነበር። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ ምግቡ ግን በመላው አሜሪካ የብራንች ገበታ ሆኗል። ሲልቪያ ዉድስ በ1962 በሌኖክስ ጎዳና የከፈቱት ምግብ ቤትም ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሱ ምዕመናንና በእሑድ መዝሙሩ ይታወቃል። በዚያው ጎዳና ላይ በ2010 «ሬድ ሩስተር» የተባለውን ቤት የከፈተው ማርከስ ሳሙኤልሰን፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ እናቱን በሳምባ ነቀርሳ ተነጥቆ፣ በስዊድን ቤተ ሰብ ዘንድ ያደገ የወጥ ቤት ባለሙያ ነው። በ1995 በአኳቪት ምግብ ቤት ሲሠራ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ከኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሦስት ኮከብ ተሰጥቶታል።

ኪሱ የሳሳ መንገደኛ ደግሞ ወደ ኩዊንስ የሚሄደውን 7 ቍጥር ባቡር ይሳፈር። በጃክሰን ሃይትስ ሲወርድ የህንድ፣ የኔፓልና የላቲን አሜሪካ ገበታ በአንድ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል፤ እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ ፍላሺንግ ከዘለቀ የቻይናዎችን ሁለተኛ ሰፈር ያገኛል።

ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም ሰው በዚህ ሁሉ መካከል አይጨነቅ። «ቪገን» የምትለውን አንዲት ቃል ይያዝ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቍላል የሌለበት ማለት ስለሆነች፣ የጾም ምግብን ያህል ታገለግለዋለች፤ በዝርዝሩም ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፋ ትገኛለች።

ማንን እንጠይቅ?

ስለ ምግብ ቤት የሚመሰክሩ መጻሕፍት ታሪካቸው ረጅም ነው። ሚሽላን የተባለው የፈረንሳይ የመኪና ጎማ ፋብሪካ ባለ መኪናዎች ብዙ እንዲጓዙ፣ ጎማም ብዙ እንዲያልቅ በማሰብ በ1900 የመንገደኛ መምሪያ አሳተመ፤ በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ፤ ለኒው ዮርክም የመጀመሪያውን መምሪያ በ2005 አወጣ። ነገር ግን ኮከቡ የሚሰጠው ለምግቡ ብቻ ነው። ወንበሩ ለሽማግሌ ወገብ ይመች እንደሆነ፣ ጫጫታውም ያነጋግር እንደሆነ ኮከቡ አይናገርም። በ1979 ደግሞ ቲምና ኒና ዛጋት የተባሉ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም የሕግ ባለሙያዎች፣ የወዳጆቻቸውን አስተያየት ሰብስበው ያሳተሙት ዝርዝር ብዙ ተከታይ አገኘ። በእጅ ስልክ ላይ ዛሬ የሚታየው የተመጋቢዎች ፍርድ ሁሉ የዚያ ዓይነት ሥራ ልጅ ነው ለማለት ይቻላል።

ከመጻሕፍቱም ከስልኩም የሚበልጠው ግን ሰው ነው። የሆቴሉን ጠባቂ ወይም በከተማው የሚኖረውን የአገር ልጅ «ጥሩ ምግብ ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የታወቀውን ስም ይሰማል። «እናትህ ሲመጡ የት ትወስዳቸዋለህ?» ብሎ የጠየቀ ግን እውነተኛውን ቤት ያገኛል።

በበሩ መስተዋት ላይም ሊነበብ የሚገባው ነገር አለ። ከ2010 ጀምሮ የከተማው ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ምግብ ቤት ንጽሕና መርምሮ በፊደል ይመድባል፤ ፊደሉም ከመንገድ እንዲታይ ሆኖ ይለጠፋል። የጥፋቱ ነጥብ ከ13 ያልበለጠ «ኤ»፣ ከ14 እስከ 27 የሆነ «ቢ»፣ ከዚያ የበለጠ «ሲ» ይሰጠዋል።

ስለ ሒሳብ

እኔን ያደናገረኝ ሒሳብ ምሥጢሩ ይህ ነው። በምግብ ዝርዝር ላይ የተጻፈው ዋጋ ግብሩንና ጕርሻውን አይጨምርም። የሽያጩ ግብር ከመቶ 8.875 ነው። ለአሳላፊው የሚሰጠው ጕርሻ ደግሞ ከመቶ ከ18 እስከ 20 ይደርሳል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ 40 ዶላር የሆነ ምግብ፣ 3 ዶላር ከ55 ሳንቲም ግብርና ቢያንስ 7 ዶላር ከ20 ሳንቲም ጕርሻ ተጨምሮበት 50 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። ግብሩን በሁለት ያባዛ ሰው ጕርሻውን በግምት ያገኘዋል። አሳላፊው ደመወዙ የሚቈረጥለት ጕርሻው ታስቦ ስለሆነ፣ ይህን መስጠት ከልግስና ይልቅ እንደ ዕዳ ይቈጠራል። ብዙ ሰው ለተቀመጠበት ገበታ ግን ቤቱ ራሱ ጕርሻውን አስቀድሞ ጨምሮት እንደሆነ ወረቀቱን ማየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሁለት ጊዜ መክፈል ይመጣል።

የእሑዱ ገበታ

በማግሥቱ እሑድ የአክስቴ አውቶቡስ የሚነሣው በ6 ሰዓት ነበር። ያንለት የትም አልመረጥሁም። ካደርንበት ቤት ማዶ ካለው «ዳይነር» ከጧቱ በ2 ሰዓት ገባን። ዳይነር ማለት በኒው ዮርክ በየሰፈሩ የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜ ከግሪክ አገር በመጡ ሰዎች የተያዘ፣ ማንንም ሳይመርጥ የሚያስተናግድ መጠነኛ ምግብ ቤት ነው። ሙዚቃ የለም፤ ወንበሩ ሰፊ ነው፤ ዝርዝሩም እንደ መጽሐፍ የወፈረ ነው። አክስቴ ዕንቍላልና የተጠበሰ ዳቦ አዘዙ፤ እኔ ስለ አሳማው ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ።

አሳላፊዋ ቡና ቀድታ ሄደች። ሲያልቅ ሳንጠራት መጥታ ደገመችን፤ ጥቂት ቆይታም ሦስተኛ ቀዳች። ለደገመችውና ለሦስተኛው ሒሳብ አይጠየቅበትም። አክስቴ ስኒውን እያዩ ሣቅ አሉና፣

«አቦል፣ ቶና፣ በረካ! እነዚህስ ያውቁበታል። ትናንት ለምን እዚህ አላመጣኸኝም ልጄ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በዚያች ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ስለ አባቴ የመጨረሻ ቀኖች፣ ስለ ሸጡት ቤት፣ ለምን ሳይመለሱ እንደ ቀሩም ያን ጊዜ ነገሩኝ። ዳግመኛ በአካል አልተገናኘንም፤ በ2021 ዐረፉ።

በዚያ ጕዞ የበላሁትን ብዙውን ረስቼዋለሁ። ስለዚህ ወደ ታላቅ ከተማ የሚሄድ ሰው የምግብ ቤቶችን ዝርዝር ከመያዙ በፊት ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ያስብ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን ማስማማት ይቀለዋል። ታላላቆቹን ቤቶች ለብቻው ወይም ከባልንጀራ ጋር ሲሆን ይያቸው፤ ዘመድ ይዞ ከሆነ ግን ቃል ከቃል የሚሰማበትን ገበታ ያስቀድም።